ንጋት ላይ አየር የሚያጥራቸው ዓሦች

ውድ ጠያቂያችን፣ ባሕር ዳር በሚገኘው ቤትዎ ባለ 100 ሊትር አኳሪየም ውስጥ ዕፅዋት ተክለው ጋፒ የሚባሉትን ትናንሽ ዓሦች እንደሚያረቡ፣ የውሃውንም ገጽ ከሐይቁ ዳር ባመጡት ተንሳፋፊ ቅጠል እንደሸፈኑ ጽፈውልናል። የአየር ፓምፑን ድምፁ እንቅልፍ ስለሚነሳዎ ማታ ያጠፉታል፤ ንጋት ላይ ዓሦቹ ከውሃው ገጽ ተደርድረው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ያገኟቸዋል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ደኅና ይሆናሉ። እርጉዞቹ እየሞቱ በመሆናቸው መድኃኒት ይጨምሩ እንደሆነ ጠይቀዋል።

መድኃኒቱን አይጨምሩ። ጠዋት የሚብስና ፀሐይ ሲወጣ የሚሻል ችግር በአብዛኛው የኦክስጅን እጥረት ነው። ዕፅዋት ኦክስጅን የሚሰጡት ብርሃን ሲያገኙ ብቻ ነው፤ መብራቱ ከጠፋ በኋላ እነርሱም እንደ ዓሦቹ ኦክስጅን ይወስዳሉ፤ ከጠጠሩ ሥር የሚበሰብሰው የምግብ ትራፊና የረገፈ ቅጠልም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ስለዚህ በውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከምንጊዜውም ይበልጥ ዝቅ የሚለው ሊነጋ ሲል ነው። በዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ አለ። በ25 ዲግሪ ሙቀት ያለ ውሃ በባሕር ወለል ላይ በአንድ ሊትር 8 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ባሕር ዳር ግን 6.5 ገደማ ብቻ ይይዛል። በሌላ አገር ለቆላማ ቦታ የተጻፈ መመሪያ «ይህን ያህል ዓሣ ይበቃል» ሲል እኔ ቁጥሩን ቀነስ የማደርገው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ፓምፑን ማጥፋት ያለብዎት ከሆነ ቀን ያጥፉት፤ ሌሊት ግን ይሥራ። ድምፁ የሚበዛው ብዙውን ጊዜ ፓምፑ ጠንካራ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ስለሆነ፣ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ያድርጉለት። የሚቀመጥበትም ቦታ ከውሃው ከፍታ በላይ ይሁን፤ አለበለዚያ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ወደ ኋላ ተመልሶ ፓምፑን ያበላሻል። መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋም ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያንቆርቁሩት፤ የውሃው ገጽ በተናወጠ ቁጥር ከአየሩ ኦክስጅን ይገባልና።

ያመጡትን ተንሳፋፊ ቅጠል ደግሞ አንዱን አንስተው ይመልከቱት። የቅጠሉ አገዳ መሐሉ ላይ አበጥ ያለ፣ ሲጫኑት አየር የቋጠረ፣ ሥሩም ጥቁር ፀጉር የመሰለ ከሆነ እንቦጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ሐይቁን ያስቸገረው አረም ይኸው ሲሆን፣ ገጹን ሸፍኖ አየርና ብርሃን በመከልከል ከታች ያለውን ውሃ የሚጎዳበት መንገድ እርስዎ ቤት ከሚሆነው አይለይም። ሙሉ በሙሉ አውጥተው ፀሐይ ላይ በደንብ ያድርቁትና ያቃጥሉት፤ ወደ ሐይቁም ወደ ቦዩም አይመልሱት። ከሱቅ የገዟቸውን ዕፅዋት ሲከረክሙም እንዲሁ ያድርጉ። ሌላ ተንሳፋፊ ተክል ቢሆን እንኳ ከገጹ ሢሶ በላይ እንዲሸፍን አይፍቀዱለት።

እርጉዞቹ ቀድመው የሚሞቱት ኦክስጅን የሚፈልጉት ለራሳቸው ብቻ ስላልሆነ ነው። ጋፒ እንቁላል አትጥልም፤ አራት ሳምንት ገደማ ተሸክማ የሚዋኙ ጫጩቶች ትወልዳለች፤ ወላጆቹም ያገኙትን ጫጩት ይበላሉ። ብዙዎች እናቲቱን በጠባብ የመውለጃ ሳጥን ይዘጉባታል፤ እኔ ይህን አልመክርም፤ ውሃው በውስጡ በቅጡ ስለማይዘዋወር ጭንቀቷን ያብሰዋል። ይልቁንም ቅጠላቸው የደቀቀ ዕፅዋትን በአንድ ጥግ አጥቅጠው ይትከሉና ጫጩቶቹ እዚያ ይሸሸጉ። ለእነርሱም የተለመደውን ምግብ በጣት አድቅቀው በቀን ሦስት ጊዜ በጣም በጥቂቱ ይስጧቸው። የእንቁላል አስኳል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቶሎ ውሃ ያበላሻል።

ይህን ሁሉ አድርገው ዓሦቹ እኩለ ቀን ላይም ገጹ ላይ አየር የሚፈልጉ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ከዓሦቹ ቆሻሻና ከሚበሰብስ ምግብ የሚወጣውን መርዝ፣ አሞኒያን ይጠርጥሩ። ክሎሪኑ እንዲወጣ አፉን ክፍት አድርገው ለአንድ ቀን ባሳደሩት የቧንቧ ውሃ የአኳሪየሙን ሩብ ይለውጡ፤ ፊልተሩንም በቧንቧ ውሃ ሳይሆን ከአኳሪየሙ በቀዱት ውሃ ይለቅልቁት፤ በውስጡ ያሉት አሞኒያውን የሚያጠፉ ባክቴሪያዎች በክሎሪን ይሞታሉ።