ዊጀት የሚነካው ማን ነው? (ጥያቄና መልስ)

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ኮድ ጸሐፊዎች፣ ዛሬ ስለ ዊጀት (ስክሪን ላይ ስላለው ቁልፍ፣ ሰንጠረዥ፣ ጽሑፍ) እና ስለ ትሬድ (ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚሄድ የሥራ መስመር) ጠይቁኝ። ቋንቋውንና ያያችሁትን ስህተት አብራችሁ ጻፉ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ ሰላም ነው? በጃቫ የስክሪን ላይብረሪ በስዊንግ የፋርማሲ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። ዳታቤዙን በሌላ ትሬድ አንብቤ እዚያው ሰንጠረዡን እሞላለሁ። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ግማሹ ረድፍ ባዶ ይሆናል።

መልስ፦ ደህና ነኝ ልጄ። «አንዳንዴ ይሠራል» ካልክ በሽታው ታውቋል። አንተ ረድፍ ስትጨምር የስክሪኑ ትሬድ ያንኑ ሰንጠረዥ እየሳለ ነው። ንባቡን በሌላ ትሬድ ሥራ፤ ሰንጠረዡን ግን ሥራውን ለስክሪኑ ትሬድ በሚያስተላልፈው በኢንቮክሌተር በኩል ሙላ። ከጃቫ 6 ጀምሮ ከባዱን በሌላ ትሬድ ሠርቶ ውጤቱን ለስክሪኑ ትሬድ የሚያደርስ ስዊንግወርከርም አለልህ። ዊጀት የሚነካው የስክሪኑ ትሬድ ብቻ ነው።

ከደሴ ፒያሳ፦ ፕሮግራሜ ስታክ ያደርጋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በምን ቋንቋ? የቱን ቁልፍ ስትጫኚ? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም እህቴ።

ከደሴ ሰኞ ገበያ፦ አንዱ ትሬድ ሲይዘው ሌላው እንዲጠብቅ፣ ለምን ዊጀቱን ሎክ አናደርገውም?

መልስ፦ ይቺን ጥያቄ እወዳታለሁ። የማውስ ክሊክ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተነስቶ ወደ ኮድህ ይመጣል። ያንተ ትዕዛዝ ደግሞ ከኮድህ ተነስቶ ወደ ዊጀቱ ይሄዳል። ክሊኩ የዊጀቱን ሎክ ይዞ የዳታህን ይፈልጋል። ያንተ ትሬድ የዳታውን ይዞ የዊጀቱን ይፈልጋል። ከደሴ የሚወርድና ከኮምቦልቻ የሚወጣ ከባድ መኪና ጠባብ ቦታ ላይ ተፋጠው «አንተ ተመለስ» ሲባባሉ አስበው። ዴድሎክ ይሄ ነው። የጃቫ የመጀመሪያው የስክሪን ላይብረሪ ኤደብልዩቲ ለብዙ ትሬድ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ዴድሎኩ ሲበዛ ሐሳቡ ተተወ። ስዊንግም፣ የሲ ፕላስ ፕላሱ የስክሪን ላይብረሪ ኪውትም፣ አንድሮይድም ዊጀትን ለአንድ ትሬድ የሰጡት ወደው አይደለም።

አንድ አባል፦ ጃቫን ተዉትና ወደ ኪውት ኑ። ሲግናልና ስሎት (መልእክትና ተቀባዩ) እያለ!

ሌላ አባል፦ ፓይተን እያለ ምን አደከማችሁ? የስክሪን ላይብረሪው ቲኪንተር ይበቃል።

የመጀመሪያው፦ ቲኪንተር? መልኩን አይተኸዋል?

መልስ፦ ኧረ ተዉ! ሕጉ የትም ያው ነው። ኪውት ላይ ሲግናል ላኩ። ቲኪንተር ላይ ውጤቱን ኪው (ወረፋ) ውስጥ ክተቱ፤ ዋናው ትሬድ፣ ማለትም የስክሪኑ፣ «ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጥራኝ» በሚለው በአፍተር እየተመለሰ ያንሳው። ዊጀት የሚነካው የስክሪኑ ትሬድ ብቻ ነው።

ከኮምቦልቻ፣ ሌላ ጠያቂ፦ አንድሮይድ ላይ ሁሉንም፣ በስክሪኑ ትሬድ የሚያሠራው ራንኦንዩአይትሬድ ውስጥ አስገባሁት፤ አሁንም ይደርቃል።

መልስ፦ ሁሉንም ማን አለህ? ከላይ ያለውን አንብብ። ከባዱ ሥራ ውጭ፣ ዊጀቱ ብቻ ውስጥ። በሰከንድ 60 ጊዜ ለሚሳል ስክሪን፣ ለአንዱ ሥዕል ያለህ 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ተጠቃሚው ነክቶ 5 ሰከንድ መልስ ካጣ ደግሞ አንድሮይድ ራሱ «ልዝጋው?» ይላል።

አንድ አባል፦ ላፕቶፕ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ዛሬ አይደለም።

ከደሴ ፒያሳ፦ ጋሼ፣ ሲ ሻርፕ ነው፣ ዊንዶውስ ፎርምስ። «መዝግብ» የሚለውን ስጫን ቁልፉ እንደገባ ይቀራል። ትሬድ አስነስቼ እስኪጨርስ በጆይን እጠብቀዋለሁ። ያ ትሬድ ደግሞ ለስክሪኑ ትሬድ ሥራ በሚያስተላልፈው በኢንቮክ ሌብል (ስክሪኑ ላይ ያለ ጽሑፍ) ይቀይራል።

መልስ፦ አሁን ተጠየቀ! ኢንቮክ የስክሪኑን ትሬድ ይጠብቃል። የስክሪኑ ትሬድ ደግሞ በጆይን ያንን ትሬድ እየጠበቀ ቆሟል። ጆይኑን አውጪው፤ ኢንቮኩንም መልስ ሳይጠብቅ በሚያልፈው በቢጊንኢንቮክ ተኪው።