ለረጅም መንገድ የሚሆን አሮጌ የብረት ቴላዮ

«ከሐዋሳ በሻሸመኔና በሶዶ አድርጌ አርባ ምንጭ ድረስ ጓዜን ጭኜ ልሄድ ነው፤ በቅናሽ የትኛውን አሮጌ የብረት ቴላዮ (የብስክሌት አካል) ልግዛ?» ላልከው ወንድሜ፣ እኔ ብሆን በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ወይም 90ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ፣ ሾክ የሌለው ማውንቴን ብስክሌት ነበር የምፈልገው። ክሮሞሊ (ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ብረት) ከሆነ ይበቃሃል። የእንግሊዙ ሬይኖልድስ 531 ጥሩ የብረት ቱቦ ነው፣ በፈረንጆቹ ከ1935 ጀምሮ የተመሰከረለት፤ ግን ስቲከር ማንም ይለጥፋል፣ ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው በኮርስ ብስክሌት ላይ ነው። የኮርስ 700 ጎማ መንገድ ላይ ቢፈነዳብህ ከየት ታመጣለህ? የማውንቴኑን ባለ 26 ኢንች ግን ጎማውንም ካላማዳሪያውንም በየከተማው ታገኛለህ። የድሮው ባለ 28 ፎኒክስ ሸክም አይፈራም፤ ማርሽ ስለሌለው ግን ዳገቱን እየገፋህ ነው የምትወጣው።

ልታይ ስትሄድ ማግኔት፣ ሲባጎና ማስመሪያ ያዝ። ማግኔቱ ካልያዘ አልሙኒየም ነው፣ ተወው። ሲባጎውን የኋላ ቸርኬ ከሚታሰርበት ከአንዱ ጎን አስረህ፣ ማኑብሪው በሚገባበት ቱቦ ፊት አዙረህ በሌላው ጎን እሰር። ከዚያ ከኮርቻው ቱቦ እስከ ሲባጎው ያለውን ክፍተት በግራም በቀኝም ለካ። ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ ከተበላለጠ ቴላዮው ጠሟል። ቀጥሎ ከማኑብሪው ወደ ፔዳሉ የሚወርደውን ቱቦ ከሥሩ፣ ላይኛው ጫፍ አካባቢ፣ በጥፍርህ ዳብሰው። ቀለሙ ሽብሽብ ካለ ከፊት ተጋጭቷል፤ ሻጩ «ቀለሙ እኮ ነው» ማለቱ አይቀርም፣ አትስማው።

ኮርቻውን ከነዘንጉ ንቀለው። አልወጣ ካለ ውስጡ ተጣብቋል፣ ሌላ ፈልግ። ከወጣ ቴላዮውን ዘቅዝቀህ አራግፈው፤ የዝገት ቅርፊት ከረገፈ አትግዛ። ላይ ላዩን ያለ ዝገት ግን ምንም አይደል፣ ዋጋ ማስቀነሻ ነው። በኤሌክትሪክ ብየዳ የተጠገነውን አልነካም፤ ስስ ቱቦ ከብየዳው ጎን ነው የሚሰነጠቀው።

ለፖርታመጋላው ከኋላ ባለቡሎን ቀዳዳ ይኑረው። ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ዘንግ መሐል እስከ ኋላ ቸርኬው መሐል ደግሞ 43 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፣ ካጠረ ተረከዝህ ሻንጣውን ይመታል። የኋላው ቸርኬ የሚገባበት ክፍተት ስፋት 126 ሚሊ ሜትር ሆኖ ያለህ ቸርኬ የመሐሉ ስፋት 130 ቢሆን አትደንግጥ፤ ብረት ስለሆነ እጁ የተፍታታ ባለሙያ ሳያሞቅ ይከፍተዋል። አልሙኒየም ላይ ይህን የሚሞክር ካየህ ቶሎ አስቁመው።

ከገዛህ በኋላ ሙሉ ጓዝህን ጭነህ እስከ ይርጋለም ደርሰህ ተመለስ። ቁልቁለት ላይ ማኑብሪው ቢያንቀጠቅጥህ ከኋላ ያለውን ጭነት ቀንሰህ ወደ ፊት አዙር፤ እንደገና ቢንቀጠቀጥ የማኑብሪውን ኩሽኔታ አሳይ።