መድኃኒቴን ጸበል ላይ ትቼው መጣሁ፣ አሁን ጭንቅላቴን ኮረንቲ ይነዝረኛል

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ? እኔ የ47 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ለድብርት ሰርትራሊን የሚባለውን ኪኒን 50 ሚሊግራም አራት ዓመት ወስጃለሁ፣ ደህናም ሆኜ ነበር። በፍልሰታ ጻድቃኔ ማርያም ሱባኤ ገብቼ አንድ አብሮን የነበረ ሰው በእመቤታችን ካመንሽ ኪኒኑ ምን ይሠራልሻል አለኝና እዛው ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ያዞረኝ ጀመር፣ ዓይኔን ወደ ጎን ሳዞር ጭንቅላቴ ውስጥ ኮረንቲ እንደነካኝ ንዝር ያደርገኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ እንቅልፍ የለም፣ በሆነ ባልሆነው አለቅሳለሁ። ይኸው ጥቅምትም እያለቀ ነው፣ ቀለል ቢልም አልተወኝም። ሌሊት ደግሞ በላብ እጠመቃለሁ። የወር አበባዬም ከአምና ጀምሮ ተዘበራርቋል፣ ሁለት ወር ይጠፋና ሲመጣ 10 ቀን ይቆያል፣ ስለዚህ ቤተክርስቲያን መግባትም ጸበል መጠመቅም አቅቶኛል። ጎረቤቶቼ መንፈስ ነው፣ ጸበሉ እያስጨነቀው ነው ይላሉ። መድኃኒቱን መልሼ ብጀምር እምነቴን መካድ ነው? ጽጌን እየጾምኩ ነው፣ የነቢያትም መጣ፣ መቁረብስ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ዋናውን ላስቀድምልሽ፣ መድኃኒት መልሶ መጀመር ክህደት አይደለም፣ ኃጢአትም አይደለም፣ ንስሐ የሚያስገባ ነገር የለውም። ግን ይሄን ስላልኩሽ ደግሞ ዛሬ ማታ ከመሳቢያ አውጥተሽ እንዳትውጪው፣ ካቆምሽ ሁለት ወር አልፎሻል፣ ይጀመር አይጀመር፣ በስንት ይጀመር የሚለው የሐኪምሽ ነው።

ያ ሰው ክፉ አስቦ ነው አልልም። እኔ ራሴ ገና ማስተማር ስጀምር አንዱን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ እስከ መቼ በኪኒን ትኖራለህ ብዬው አውቃለሁ፣ ልጁ አመነኝና ተወው፣ ከዛ አንድ ሌሊት እናቱ እያለቀሱ በሬን ሲደበድቡ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። ልጁ ዛሬ ደህና ነው ተመስገን፣ እኔ ግን እናቱን መንገድ ላይ ባየኋቸው ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

አሁን ኮረንቲ ስላልሽው። ማኅሌት ቆመሽ የምታውቂ ከሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ መቋሚያ ተደግፎ የቆመን አገልጋይ መቋሚያውን ድንገት ብትነጥቂው ይንገዳገዳል አይደል? የተንገዳገደው ጋኔን ስላለበት አይደለም፣ ሰውነቱ ድጋፉን ለምዶ ስለነበር ነው። ሰርትራሊንም እንደዛ ነው፣ አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባለውን ነገር ይደግፋል፣ አራት ዓመት ለምዶት ሳለ በአንድ ቀን ሲቀር ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ መዞሩ፣ ማቅለሽለሹ፣ የኮረንቲው ንዝረት፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ቅዠቱ፣ ልቅሶው ይመጣል። ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት ነገር ነው። አንቺም በሦስተኛው ቀን ጀመረኝ ብለሻል፣ ከዚህ በላይ ምን ምልክት ትፈልጊያለሽ? ሱስ ሆኖብኝ ነው እንዴ ብለሽም አትደንግጪ፣ እንደ ጫት አምሮሽ ፈልገሽው አይደለም፣ ሰውነት ስለለመደ ነው።

መንፈስ የሚባል የለም አላልኩም፣ ቤተክርስቲያናችን የምታስተምረውን አውቃለሁ። ግን ያዞረውን ሁሉ መንፈስ ማለት ልማድ ሆኖብናል፣ ይሄ እኔን በጣም ነው የሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም የታመመው ሰው በበሽታው ላይ ፍርሃት ይጨመርበታል፣ ቤተሰቡም እንደ ሰው ማየቱን ይተዋል።

ስለ መድኃኒት መጽሐፍ ምን ይላል ካልሽ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ቤትሽ አንብቢው፣ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረና ብልህ ሰው እንደማይንቀው ይነግርሻል። እኔ ግን ይበልጥ የምወደው የሕዝቅያስን ነው። ንጉሡ ሊሞት ሲል አለቀሰ፣ እግዚአብሔርም ጸሎትህን ሰማሁ፣ 15 ዓመት ጨመርኩልህ አለው። ልብ በይ፣ ተፈውሰሃል ከተባለ በኋላ ነው ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና እቁስሉ ላይ አድርጉ ያለው። ተስፋው ተሰጥቶ አልቋል እኮ፣ በለሱ ለምን አስፈለገ? ሕዝቅያስም አምኛለሁና በለሱን አልፈልግም አላለም። በእኛም ዘመን ኤችአይቪ ያለባቸው ምዕመናን ጸበል ላይ መድኃኒታቸውን እየጣሉ ሲቸገሩ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም ከእግዚአብሔር ስለሆኑ አብረው ይወሰዱ ብለው በአደባባይ አስተምረዋል። ያንቺ ኪኒን ከዛ በምን ይለያል?

እንግዲህ ሁለተኛው ነገር፣ ላቡና የወር አበባው። በ47 ዓመት ይሄ የማረጥ መዳረሻ ይመስለኛል፣ ሆርሞኑ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፣ ያ ደግሞ እንቅልፍንም ስሜትንም ይነካል፣ በፊት ድብርት የነበረባት ሴት ደግሞ በዚህ ጊዜ እንደገና ልትያዝ ትችላለች። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ፣ ሰው ባና እና ጋቢ ደርቦ በሚንቀጠቀጥበት ሌሊት ጋቢ ገፎ የሚያልበው ሰው ምን ያህል እንደሚደናገጥ ይገባኛል። እናቶቻችን አፍነውት ስለኖሩ ነው እንጂ አዲስ ነገር አይደለም። ያንቺ ክፋቱ ሁለቱ ባንድ ወቅት መጡብሽ፣ ላብ ኪኒን ሲቋረጥም ይመጣል፣ ማረጥ ሲቃረብም ይመጣል፣ እንቅልፍ ማጣቱም እንደዛው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የኪኒኑ ነበር፣ ሁለት ወር አልፎ የቀረው ግን የሱ ቅሪት ይሁን፣ የድሮው ድብርት ተመልሶ ይሁን፣ ማረጡ ይሁን እኔም ጎረቤቶችሽም ልንለየው አንችልም። ሐኪሙ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) እና የደም ማነስ ምርመራም ያዝልሻል ብዬ አስባለሁ፣ 10 ቀን የሚፈስ ደም ራሱ ያዞራል።

ስለ ቤተክርስቲያን መግባት። ሥርዓቱን እኔ ተነስቼ አልቀይረውም፣ በወር አበባ ጊዜ ቤተ መቅደስ አለመግባቱን ታውቂዋለሽ። ግን ከቤተ መቅደስ ውጪ መሆን ከእግዚአብሔር ውጪ መሆን አይደለም፣ ቅጽሩ ጋ ቆመሽ ቅዳሴውን ማስቀደስ፣ ቤትሽ መጸለይ ማንም አልከለከለሽም። 12 ዓመት ደም ሲፈስባት የነበረችውን ሴት አስቢያት፣ ጌታ ልጄ ሆይ ነው ያላት። ደሙ እየተዘበራረቀ ቀኑን መቁጠር ካቃተሽ፣ ወይም ሐኪም ሕመም ነው ካለሽ ለንስሐ አባትሽ ሳታፍሪ ንገሪያቸው። ካህን ይሄን ሰምቶ አያውቅም ብለሽ ነው? ስንቱን ሰምተዋል።

ጾሙን በተመለከተ፣ ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፣ አሁኑኑ ብትተዪው ዕዳ የለብሽም። የነቢያት ከሰባቱ አጽዋማት ስለሆነ ኅዳር 15 ሳይገባ ንስሐ አባትሽን አማክሪ፣ ለታመመ ጾም እንደሚቀልለት ፍትሐ ነገሥቱም ያውቃል። ሌሊቱን በላብ ውሃሽን ጨርሰሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ሳትቀምሺ ብትውዪ መዞሩ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ኤልያስ እኮ ዛፍ ሥር ተኝቶ ነፍሴን ውሰድ ብሎ ነበር፣ መልአኩ ምነው እምነትህ አላለውም፣ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፣ በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ፣ ደግሞ ቀሰቀሰውና እንደገና አበላው። አንቺም በሶም ቢሆን አጥሚትም ቢሆን ቅመሺ።

ቁርባን ይቻላል፣ መድኃኒት መውሰድ አይከለክለውም። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው፣ ከመቁረብ በፊት 18 ሰዓት ምንም ስለማይቀመስ ጠዋት ኪኒን ውጠሽ መቁረብ የለም። ሰርትራሊን በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ እቆርባለሁና ሰዓቱን እንዴት ላድርገው ብለሽ ሐኪሙን ጠይቂው፣ አታፍሪ፣ እዚህ አገር የሚሠራ ሐኪም ጾምና ቁርባን ያውቃል። ግን ማቅለሽለሹ ሳይበርድ አትቅረቢ፣ ከቆረብሽ በኋላ ቢያስመልስሽ ለራስሽም ጭንቅ ነው። በጾም ምክንያት አንድ ቀን ውጦ አንድ ቀን መዝለል የሚሉት ነገር ደግሞ አለ፣ እሱን አታድርጊ፣ መቋሚያውን እየሰጡ እየነጠቁ እንደ መጫወት ነው።

ለዘላለም ልውጠው ነው ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ አላውቅም፣ ብዙ ሰው ያቆማል። ሲቆም ግን በሐኪም እጅ በጥቂት በጥቂቱ ይቀነሳል፣ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይፈጃል፣ የመጨረሻዋ ትንሿ መጠን ናት አንዳንዴ የምታስቸግረው። ሱባኤ ላይ፣ በጾም፣ እንቅልፍ በሌለበት፣ ሆርሞንሽ በሚናወጥበት ወራት ለማቆም የተመረጠ ጊዜ አይደለም፣ ይሄን እመቤታችንም አትቀየምሽም። ጸበሉን አትተዪ፣ ጠጪ፣ ሲፈቀድልሽ ተጠመቂ፣ ግን እያዞረሽ ብቻሽን እንዳትገቢ፣ ጸበል ጠጥተሽ የሚያስመልስሽ ከሆነ ደግሞ ኪኒኑን ከዛ ሰዓት አርቂው።

አንድ ነገር አልጻፍሽም፣ እኔ ግን ልጠይቅሽ ግድ ይለኛል፣ መሞት ይሻለኛል፣ ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል? ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ብቻሽን አትደሪ፣ ለባልሽ ወይ ለእህትሽ ዛሬውኑ ተናግረሽ ሆስፒታል ይውሰዱሽ፣ ሌሊትም ቢሆን።

ካልሆነ ደግሞ በዚህ ሳምንት ኪኒኑን ያዘዘልሽ ጋ ሂጂ። ያቆምሽበትን ቀን፣ ምን በስንተኛው ቀን እንደጀመረሽ፣ የወር አበባሽ የመጣባቸውን ቀናት ወረቀት ላይ ጻፊና ያዢ፣ እዛ ስትደርሺ ይረሳል። ጸበል ላይ እንዳቆምሽም ሳትደብቂ ንገሪው፣ ቢቆጣሽ ቻዪው። ሲጨርስ ያለሽን ላኪልኝ፣ የክርስትና ስምሽንም አብረሽ ጻፊልኝ፣ በጸሎት አስብሻለሁ።