ከፈረስ ጋር መሥራት ለሚፈልግ ሰው በጎጃም ምን ሙያ አለ?

ከዳንግላ የጠየቅኸን ወንድማችን፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስህና ከፈረስ የማይለይህን ሥራ እንደምትሻ፣ ሆኖም በዚህ የሚተዳደር ሰው በአካባቢህ አይተህ እንደማታውቅ ጽፈሃል። በአዊ ወረዳዎች በእንስሳት ጤና ባለሙያነት ረዘም ላለ ጊዜ ስላገለገልሁ ያየሁትን እነግርሃለሁ።

በመጀመሪያ ግልቢያንና እንጀራን ለይተህ ተመልከት። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ጉግሱንና ስግሪያውን አይቶ ልቡ የማይነሣ ወጣት የለም፤ ነገር ግን ያ ፈረሰኛ በማግስቱ ወደ እርሻው ወይም ወደ ንግዱ የሚመለስ ሰው ነው እንጂ በግልቢያው ደመወዝ የሚቆረጥለት አይደለም። የጋሪ ሥራም ቢሆን በከተማ ባጃጅ ገበያውን እየወሰደበት ስለሆነ ለጀማሪ አልመክረውም። ፈረስ ገዝቶ፣ ገርቶና አሰልጥኖ መሸጥ ትርፍ አለው፤ ሆኖም መነሻ ገንዘብ፣ ጥርስ አይቶ ዕድሜን የሚለይ ዓይን፣ እንዲሁም ከደላላ ጋር የሚከራከር ትዕግሥት ይጠይቃል።

እኔ አጥብቄ የምመክርህ የእንስሳት ሕክምናን ነው። ውጤትህ ከፈቀደ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ወይም በቢሾፍቱ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መማር ትችላለህ፤ ካልፈቀደም በቴክኒክና ሙያ በኩል በእንስሳት ጤና ረዳትነት መጀመር ይቻላል። የዚህ ሙያ ጥቅሙ ገቢህ በፈረስ ብቻ አለመንጠልጠሉ ነው፤ በጉና ላሙ የዕለት ወጪህን ሲሸፍኑልህ በፈረሱ ላይ ግን ስም ታወጣለህ፤ ምክንያቱም ከብት የሚያክም ብዙ ሆኖ ሳለ ፈረስን በድፍረት የሚይዝ ባለሙያ ጥቂት ነው። ፈረስ ማስመለስ ስለማይችል የሆድ ቁርጠቱ በሰዓታት ውስጥ ሊገድለው ይችላል፤ ባለቤቱም ሌሊት በርህን የሚያንኳኳው ለዚህ ነው። በጋሪ ፈረሶች ላይ ደግሞ በፈንገስ የሚመጣ፣ በእግርና በአንገት ላይ እንደ ዶቃ ተከታትሎ እየፈነዳ የሚቆስል እባጭ አለ፤ በቁስልና በዝንብ እንዲሁም አንዱን ኮርቻና ልጓም ለብዙ ፈረስ በማዋል ይዛመታል። ክረምት ሲያበቃ የሚበረታው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ በሌሊት በሚነክሱ ጥቃቅን ዝንቦች ይተላለፋል፤ ለእርሱ ቢሾፍቱ የሚመረት ክትባት ስላለ አስቀድሞ ማስከተብ ከሁሉ ይበልጣል።

ከዚህ ጋር የሰኮና አያያዝን ብትማር መልካም ነው። በገጠራችን ያለ ጫማ የሚሄደው ፈረስ ይበዛል፤ ሆኖም ሰኮናው ሲረዝምና ሲሰነጠቅ በወጉ የሚያስተካክል ሰው አይገኝም፤ አብዛኛው ባለ ፈረስ በቢላ እየቀረፈ ያደማዋል (ይህን ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ)። ኮርቻና ግላስ መሥራትም ገቢ አለው፤ ነገር ግን ገበያው ወደ በዓሉ ሰሞን ያጋድላል። የጀርባ ቁስል የማያመጣ፣ በደንብ የታጨቀ የጭነት ኮርቻ የሚሠራ ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ ደንበኛ አያጣም።

ከመመዝገብህ በፊት በወረዳችሁ የእንስሳት ክሊኒክ አስፈቅደህ በገበያ ቀናት ከባለሙያዎቹ ጋር ዋል። ቁስል ስታጥብ የሚሸተውን መግል፣ መርፌ ሲወጋ የሚራገጠውን ፈረስ መቻልህን የምታውቀው እዚያ ነው።