መልስ፦ በቅዳሴ ሰዓት ሰው ላይ መፍረድን ስለ መተው

ሰላም እህቴ። «ማን አልቆረበም፣ ማን ውጭ ቀረ እያልኩ በልቤ እፈርዳለሁ፤ ዓይኔን ልጨፍን?» ብለሽ ጠይቀሻል። መጨፈን አያስፈልግሽም። ማየት ጥፋት አይደለም፤ ችግሩ ባየሽው ላይ የምትጨምሪው ነው። «ወደ ውስጥ አልገባችም» ያየሽው ነው፤ «ምን ሠርታ ይሆን?» የጨመርሽው። የወር አበባ ላይ ልትሆን ትችላለች፤ ወልዳም ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን አልሞላት ይሆናል። ያልቆረበውም ከቁርባን በፊት የሚጾመው 18 ሰዓት ሳይሞላው ውኃ ቀምሶ ሊሆን ይችላል። ይህ የእሱና የንስሐ አባቱ ጉዳይ ነው።

ሐሳቡ ሲመጣ አትታገዪው፤ ሲታገሉት ይብሳል። በልብሽ «ምክንያቱን አላውቅም» በዪና ወደ ተሰጥኦው፣ ማለትም ሕዝቡ ለካህኑና ለዲያቆኑ ወደሚመልሰው ጸሎት፣ ተመለሺ። ግዕዙና አማርኛው ጎን ለጎን ያለበትን የቅዳሴ መጽሐፍ ያዢ፤ ብዙ ጊዜ ዓይን የሚባዝነው የሚባለው ስለማይገባን ነው። ዲያቆኑ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ሲል ደግሞ ፊትሽንም ሐሳብሽንም ወደ ምሥራቅ መልሺ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ከቅዳሴ በኋላ የሚሆነው ነው። ማኅበር ላይ «በጸሎት አስቧት» እየተባለ የሰው ገመና ይዘረገፋል። ጸሎት ከሆነ የክርስትና ስሟ ብቻ ይበቃል። ለንስሐ አባትሽም የራስሽን ሐሳብ ተናገሪ እንጂ የሌላውን ስምና ጥፋት አትዘርዝሪ።

አለመፍረድ ግን ዝም ማለት አይደለም። የማኅበር ገንዘብ ከጎደለ በማቴዎስ 18፥15-16 መሠረት መጀመሪያ ሰውየውን ለብቻው አነጋግሪው፤ ካልሰማሽ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘሽ ተመለሺ። ሕፃን ሲጎዳ ካየሽ ግን ይህን ቅደም ተከተል ሳትጠብቂ በቀጥታ ለፖሊስ አመልክቺ።