ያለ ፈቃድ ሬዲዮ ላይ ያገለገለ አለ ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ሳቄ መጣ። አንተና ጓደኞችህ ኮምቦልቻ ላይ አነስተኛ የኤፍ ኤም ማሰራጫ ገዝታችሁ ለሰፈሩ ያለ ፈቃድ ሬዲዮ ልትከፍቱ አስባችኋል። «እንዲህ ያለ ጣቢያ ላይ በነፃ ያገለገለ ካለ ይንገረን። እንዴት ነበር? ያስይዛል? ስንት ሰውስ ይበቃል?» ብለሃል። እኔ አገልግያለሁ። ደሴ ላይ፣ ከ1999 ክረምት እስከ 2000 ጥቅምት ገደማ። ነገሩ ረዘም ስለሚል ቡናህን ይዘህ አንብበው።

ያኔ ኤፍ ኤም የምንለውን ነገር የምናውቀው በወሬ ነበር። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ከተከፈተ ወዲህ አዲስ አበባ ደርሶ የመጣ ሁሉ ስለሱ ያወራል። አንዳንዱ ፕሮግራሙን በካሴት ቀድቶ ይዞ ይመጣል። እኛ 400 ኪሎ ሜትር ርቀን ካሴቱን እየደጋገምን እንሰማለን። ሰው ስልክ ይደውላል፣ ዘፈን ይመርጣል፣ ጋዜጠኛዋ ትስቃለች። ሬዲዮ ላይ ይሳቃል እንዴ? እኛ የለመድነው ሬዲዮ ያስተምራል፣ ይመክራል፣ ዜና ያነባል። ሲስቅ ሰምተነው አናውቅም።

ማሰራጫውን የሠራው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቴፕና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው ነው። ጋሼ እንለው ነበር፣ እዚህም ጋሼ ይባል። ቤቱ ደግሞ ሥራ ያቆመ ቪዲዮ ቤት ነበር፣ የአንዱ ጓደኛችን አጎት ንብረት። ዲቪዲ በየቤቱ ሲገባ ገበያው ሞተበት። አምፕሊፋየሩ፣ ማይኩና አግዳሚ ወንበሮቹ እዚያው ቀሩ። ጓዳው የእኛ ስቱዲዮ ሆነ።

ጋሼ ያን ዕቃ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። ከሞቱ ቴፖች ዕቃ ይፈታል። የመዳብ ሽቦ እስክሪብቶ ላይ ጠቅልሎ ጥቅልሏን አወጣት። እሷ ናት እንግዲህ ሞገዱን የምትወስነው። ትንሽ ከነካሃት፣ ጠረጴዛውን እንኳ ከገፋኸው፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ሻማ ለኩሶ ሰሙን ጠብ ጠብ አደረገባት። ሰሙ ሲደርቅ አደብ ገዛች። ትራንዚስተሩ ስለሚግል የአሉሚኒየም ድስት ክዳን በመቀስ ቆርጦ ከኋላው አሰረለት። ክዳኑ የማን ድስት እንደነበረ ሚስቱ ያወቀችው በኋላ ነው፣ ያንን ሌላ ቀን። አንቴናው ሁለት የመዳብ ዘንግ ነው፣ እያንዳንዳቸው ከ75 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ረዘም ይላሉ። የኤፍ ኤም ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ዘንጉ የሚቆረጠው በሩቡ ልክ ነው። የባሕር ዛፍ አጣና ላይ አስሮ ጣሪያ ላይ ሰቀለው።

መብራት ላይ ሲሰካው እምምም የሚል ድምፅ አስቸገረን። ስለዚህ በመኪና ባትሪ ይሠራ ነበር። ጥቅሙ መብራት ሲሄድ ነው የታየው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲጨልም በባትሪ ድንጋይ የሚሠሩት ሬዲዮኖች እኛን ይሰሙ ነበር።

አሁን የሚያስቀው ነገር። ደሴን ታውቃታለህ፣ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጠዋት 95 ላይ የከፈትነው ጣቢያ ክፍሉ ሲሞቅ ቀስ እያለ ይሸሻል። አድማጭ ማዞሪያውን ይዞ ይከተለናል። ከታች ያለው ባለሱቅ በር ላይ ሲያገኘን «ዛሬ የት ናችሁ?» ይለን ነበር። ሰው ሲበዛም ይሸሻል። ጋሼ ከሁለት ሰው በላይ ጓዳ እንዳይገባ ከልክሎ፣ ሌሎቻችን አግዳሚ ላይ ተራ እንጠብቃለን።

ስርጭቱ ሩቅ አይሄድም። የጦሳ ተራራ በአንድ በኩል እንደ ግድግዳ ቆሟል። ከፒያሳ እስከ ሆጤ ጥሩ ይሰማል። ቧንቧ ውሃ ላይ ይቆራረጣል። ኮምቦልቻማ የሐረጎን ጋራ አልፎ የማይታሰብ ነው።

የኔ ሥራ ማስታወቂያና ሰላምታ ማንበብ ነበር። የጠፋ መታወቂያ፣ የወደቀ ቁልፍ፣ የሚከራይ ቤት። ሰላምታው ግን ሌላ ዓለም ነው። አንድ ነገር አስታውስ። ሞባይል ላለውም ቢሆን የጽሑፍ መልእክት ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ልጆች ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ጽፈው በበሩ ሥር ያስገባሉ። «ትናንት ጃንጥላ ላበደርሽኝ፣ ጃንጥላው አለ፣ እኔም አለሁ።» ይህንን ሳነብ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ማይኩን በእጄ አፈንኩት። በማግስቱ መልስ መጣ፦ «ጃንጥላው ይበቃኛል።» ሰፈሩ ለሳምንት ስለዚች ጃንጥላ አወራ። ጋሼ ራሱ ብየዳውን ትቶ «ዛሬስ ጻፈች?» ይለኝ ነበር።

ቤት ውስጥ አልተናገርኩም። እናቴ ግን ጎረቤት ቡና ላይ ሆና ድምፄን ሰምታለች። ማታ ስገባ «ድምፅሽ ተዘግቶ ነበር፣ ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?» አለችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ ጠዋት ስወጣ የዝንጅብል ሻይ በፔርሙስ ትሰጠኝ ጀመር።

ከሁሉም የማልረሳው የእድሩን ጥሩምባ ነፊ ነው። አንድ ቀን በሩን ገፍቶ ገባ። ጥሩምባው ብብቱ ሥር ናት። «እናንተ ልጆች፣ እንጀራዬን ልትዘጉት ነው ወይ?» አለን። እውነቱን ነው። አንዲት ሴት የባሏን የተዝካር ቀን በእኛ በኩል አስነግራ ነበር፣ ለሱ ሳትነግረው። ተጨነቅን። ጋሼ ወንበር ስቦ አስቀመጠውና ሻይ አስመጣ። በመጨረሻ ተስማማን። ሞትና እድር የሱ ነው። መጀመሪያ እሱ ይነፋል፣ ሰፈሩን ይዞራል፣ ከዚያ መጥቶ በራሱ አፍ በሬዲዮ ይናገራል። ወላሂ፣ ከመካከላችን እንደሱ ያለ ተናጋሪ አልነበረም። ማይክ ለምን እንዳስፈለገ ግን አልገባውም። ስለሚጮኽ ጋሼ መሬት ላይ በኖራ መስመር አሰመረለትና «ከዚህ አትለፍ» አለው። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎቹም የእኛን ጣቢያ እንደ ልጆች ጨዋታ ማየት ተዉ። ቀብር የሚነግር ሬዲዮ ቁም ነገር ነው።

አዛን ሲጀምር ዘፈን እናቆማለን። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ እስኪወጣ አንከፍትም። ይህን ያዘዘን ሰው የለም፣ የወሎ ልጅ ማን ይነግረዋል? በዚያ ዓመት ደግሞ ረመዳን የገባው በ2000 አዲስ ዓመት ማግስት ነው። ጠዋት የእንቁጣጣሽ ሰላምታ ስናነብ ውለን፣ በነገታው ከኢፍጣር በፊት መንዙማ ለቀቅን። ካሴቱን ያመጣችልን ሆጤ አካባቢ የምትኖር አንዲት እናት ናት። ስትመልሱ እንዳትቧጭሩት ብላ አስምላናለች። የባቲና የአምባሰል ዘፈን ልንዘጋ ስንል፣ አመሻሹ ላይ ነበር።

የሚሊኒየሙ ሰሞን ወረቀቱ ከበሩ ሥር አልፎ በመስኮት መጣ። ሁሉም ሰው ለሁሉም ሰው መልካም ሚሊኒየም ማለት ፈለገ። ስለዚህ እስከ 12 ሰዓት ብቻ የነበረውን ስርጭት ማታም ቀጠልንበት። ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው።

ጎረቤታችን ያሉ ጡረተኛ አባት የማታ 2 ሰዓት ዜና አያመልጣቸውም። እኛ ማታ ማታ መሥራት ስንጀምር ቴሌቪዥናቸው ላይ ሰያፍ መስመር ይሮጥ ጀመር። አንቴናቸውን አስተካከሉ፣ ልጃቸውን ጣሪያ ላይ አወጡት፣ አልሆነም። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ተሸክመው ሊያስጠግኑ የሄዱት የት ይመስልሃል? ጋሼ ዘንድ! ጋሼ ቀን ላይ ከፍቶ አየው፣ ደህና ነው። ማታ ቤታቸው ሄዶ ሲያይ ገባው። ሂሳቡ ይኸውልህ። በእጅ የተሠራ ማሰራጫ የተሰጠውን ሞገድ ብቻ አይለቅም፣ እጥፉንም ይለቃል። የ95 ሜጋኸርዝ እጥፍ 190 ነው። ከ174 እስከ 230 ደግሞ የቴሌቪዥን ቦታ ነው። ያለ ማጣሪያ የሠራነው ዕቃ የሰውየውን ዜና እየበላ ነበር። ማታ ማታውን ትተን ቀኑን ቀጠልን።

የዘጋነው ግን በዚህ አይደለም። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራ አንድ የጋሼ ደንበኛ ቴፕ ሊያስጠግን መጥቶ፣ ወሬ ወሬውን ሲያነሳ ስለ እኛ ሰማ። ፊቱ ተለወጠ። ኤፍ ኤም 108 ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በላይ እስከ 137 ያለው የአውሮፕላን ነው፣ መንገድ የሚያገኙበትም፣ ከመሬት ጋር የሚነጋገሩበትም እሱ ነው አለ። የእኛ ዕቃ ደግሞ እንኳን እዚያ፣ ባስቀመጥነው ቦታም አይረጋም፤ በጎን የሚለቀውን ደግሞ ማንም ለክቶት አያውቅም። «ሐረጎ ይጋርደናል እኮ» አልኩ እኔ። «መሬት ላይ ያለውን ይጋርደዋል፤ አየር ላይ ያለውን ምን ይጋርደዋል?» አለኝ። ጋሼ ምንም አልተናገረም። በዚያው ቀን ባትሪውን ነቀለ፣ ጥቅልሏን ፈታት፣ ትራንዚስተሩን ለሌላ ሰው ቴፕ ተጠቀመበት። አንዳንዶቻችን አኮረፍን። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን በደሴ ላይ ሲያልፍ ቀና ብዬ አያለሁ።

እንግዲህ «ያስይዛል ወይ?» ላልከው። እኛ አልተያዝንም። እናንተ አትያዙም ማለት ግን አይደለም። ሞገድ ራሱ አቃጣሪ ነው፤ አቅጣጫ የሚለይ አንቴና ይዞ የሚዞር ባለሙያ ቤታችሁን ለማግኘት አይቸገርም። ሕጉም ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 533/1999 የወጣው እኛ አንቴና በሰቀልንበት ክረምት ነው፣ አሁን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1238/2013 አለ። በሁለቱም ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ክልክል ነው። የእንግሊዞቹን የመርከብ ሬዲዮ ታሪክ አንብበህ ከሆነ የልብ ልብ የሰጠህ፣ እነ ራዲዮ ካሮላይን እ.ኤ.አ. በ1964 ሲጀምሩ ከአገሪቱ የባሕር ክልል ውጭ ቆመው ነው። በ1967 ሕግ ወጥቶ እሱንም አጠበበባቸው፤ በዚያው ዓመት ቢቢሲ ራዲዮ 1ን ሲከፍት ከመርከቦቹ አቅራቢዎች ብዙዎቹን ቀጠረ። በቦርከና ላይ መርከብ አይሄድም፣ ወንድሜ።

ዛሬ ከውጭ የሚገዛው ማሰራጫ እንደ ጋሼ ጥቅልል አይሸሽም፣ ባለ ፒኤልኤል ነው፤ ሞገዱን ባስቀመጥከው ቦታ ቆልፎ የሚይዝ ማለት ነው። ርካሹ ግን ማጣሪያው የይስሙላ ስለሆነ ያን የእጥፍ ጣጣ ይዞት ይመጣል። አውሮፕላን ማረፊያው ደግሞ እናንተ ከተማ ውስጥ ነው፣ ከእኛ ይልቅ እናንተ ትብሳላችሁ። ገዝታችሁት ከሆነ አንቴና ላይ አትስቀሉት። በአንቴናው ፈንታ 50 ኦም ጭነት ላይ፣ ማለትም ጉልበቱን ወደ አየር ሳይለቅ ወደ ሙቀት በሚለውጥ ሬዚስተር ላይ አስራችሁ ልጆቹን አስተምሩበት።

ብቻ ሐሳቡን አትጣሉት። አሁን ባለው አዋጅ የማኅበረሰብ ብሮድካስት የሚባል ፈቃድ አለ፣ ለትርፍ ላልቆመና ኅብረተሰቡ ራሱ ለሚመራው ጣቢያ ነው። የሚሰጠው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። ወረቀቱ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ጀምሩ፣ ወይም በቴሌግራም በድምፅ ልቀቁ። ጃንጥላው የተወራው በሞገዱ ምክንያት አይደለም። ልጁ ጽፎ፣ እሷም መልሳ፣ ባለሱቁም ሰምቶ ነው።

ስንት ሰው ይበቃል? ዕቃውን የሚያውቅ አንድ ሰው፣ እሱንም ማንም እንዳይነካበት። ሁለት አንባቢ፣ አንዷ ሴት ብትሆን ይሻላል፣ እናቶች ወረቀት ለሴት ይሰጣሉ። ወረቀት የሚያጣራ አንድ ደንዳና ልጅ፣ ስድብና ስም ማጥፋት የሚያስቀር። እኛ ጋ ይህን የሚሠራው ልጅ ከሁላችንም በላይ ተሰድቧል። የሰው ስልክ ቁጥር በአየር ላይ አታንብቡ፣ አንዴ አንብበን ልጅቷ ቁጥር እስከ መቀየር ደርሳለች። ከሁሉ በፊት ግን የእድራችሁን ሊቀመንበርና ጥሩምባ ነፊውን ቡና ጠርታችሁ አማክሯቸው። እነሱ ካወቁ ጎረቤት አቤት የሚለው መጀመሪያ ለእናንተ ነው።