ጀበናው ለምን ፈላ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የ3ኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በዲቁና አገለግላለሁ። የንስሐ አባቴ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይሉኛል። የዶርም ጓደኞቼም አንዱን ምረጥ እያሉ ይነዘንዙኛል። ሁለቱን አንድ ላይ የኖረ ሰው ያውቃሉ?
ዲያቆኑ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አውቃለሁ ልጄ። ጆን ፖልኪንግሆርን ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1930 እንግሊዝ ተወልደው በ2021 ያረፉ የአንግሊካን ቄስ ናቸው። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኳንተምን፣ የአተምና የቅንጣቶችን ፊዚክስ፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ከሆኑት ከፖል ዲራክ ተማሩ፤ ከ1968 ጀምሮም እዚያው የማቲማቲካል ፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1979፣ በ48 ዓመታቸው፣ ያን ወንበር ለቀው ነገረ መለኮት ሊማሩ ገቡ። በ1982 ቀሰሱ፤ ካንተርበሪ አጠገብ ብሊን በምትባል መንደርም አገለገሉ። ልብ በልልኝ፣ ፊዚክስን ጠልተው አይደለም የወጡት። ድርሻዬን ሠርቻለሁ ብለው ነው።

ሳይንስና እምነት እንዴት አብረው እንደሚሄዱ እሳቸው በሻይ ማንቆርቆሪያ ያስረዱትን እኔ በጀበና ልንገርህ። ዛሬ ጠዋት ጣና ዳር ካለው ግቢዬ ከሰል አቀጣጥዬ ጀበና ጣድሁ። ውሃው ለምን ፈላ? ከሰሉ ስለነደደ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ደግሞ 100 ሳይሞላ በ94 ዲግሪ ገደማ ይንተከተካል። ይህ ሙሉ መልስ ነው። ለምን ፈላ? ጎረቤቴ እማሆይ ከቅዳሴ ሲመለሱ ቡና እንዲጠጡ። ይህም ሙሉ መልስ ነው። ቴርሞሜትሩ ስለ እማሆይ አይነግርህም፤ እማሆይን በመጥራት ብቻም ውሃ አይፈላም።

ይህ ግን ቀላሉ ነው። እኔን የያዘኝ ስለ መከራ የጻፉት ነው። እግዚአብሔር ፍጥረትን በየእርምጃው እጁን ይዞ አይወስደውም፣ ራሱን እየሠራ እንዲሄድ ነጻነት ሰጥቶታል ይላሉ። ሕዋስ መለወጥ ስለሚችል አዲስ ሕይወት ይመጣል፤ በዚያው በር ካንሰርም ይገባል። ባለቤቴን የወሰደብኝ ካንሰር ነው። ለቅሶ ላይ «የፈቀደው ሆነ፣ ተው» ሲሉኝ ከፈጣሪዬ ጋር ተኳርፌ ወራት ቆየሁ። የእኚህ ሰው መልስ እንባዬን አላደረቀውም። ዳዊቴን ግን እንደገና እንድገልጥ አድርጎኛል፤ ውለታቸው አለብኝ።

ለንስሐ አባትህ በትሕትና ባሕረ ሐሳብን፣ የቤተ ክርስቲያናችንን የዘመን ስሌት፣ አንሣላቸው። ወንበር የሚባለው የዓመቱ ቁጥር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚቀረው፣ አበቅቴ የሚባለው፣ የጨረቃን አካሄድ የተከተለ ስሌት ነው፤ ጾሙም ፋሲካውም የሚወጣው በዚያ መንገድ ነው። ሊቃውንቱ ያን ሲቀምሩ ሌላ ዛፍ ላይ ወጣን አላሉም።

ትምህርትህን አታቋርጥ። ፖልኪንግሆርን የቀሰሱት ከ50 ዓመታቸው በኋላ ነው፤ አንተ ገና 3ኛ ዓመት ነህ። የመመረቂያ ጽሑፍህን ርዕስ ስትመርጥ ጻፍልኝ።